ብዕሩ በማን እጅ ነው?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፤ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ፍሬምናጦስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን። ከኤዴስዮስ ጋር አክሱም እንዴት እንደደረሰ፣ ኋላም በእስክንድርያው አትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ እንዴት እንደተመለሰ በዝርዝር የጻፈልን ሩፊኖስ ነው። ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ ሰማሁት ይላል።

እስቲ አንድ ጥያቄ፦ ሩፊኖስን ማን አስተማረው?

እስክንድርያ ውስጥ ለዓመታት የተማረው ከዲዲሞስ ዘንድ ነው። ዲዲሞስ ገና ፊደል ሳይቆጥር፣ በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ነው። በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ እንደተማረ የጥንት ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ፍሬምናጦስን የሾመው ያው አትናቴዎስ ዲዲሞስንም በእስክንድርያ ትምህርት ቤት ላይ ሾመው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ጄሮምም ተማሪው ነበር። ዲዲሞስ እየተናገረ ካስጻፋቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ጠፍተው ኖረው፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ካይሮ አጠገብ ቱራ በሚባል ቦታ የተወሰኑት በፓፒረስ ላይ ተገኙ።

እንግዲህ አስቡት፤ የራሳችንን ታሪክ ከጻፉልን ሰዎች አንዱ የዓይነ ስውር መምህር ደቀ መዝሙር ነው። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤቶችም ቢሆን በቃል አጥንተው፣ ቅኔ ተቀኝተው፣ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ዓይነ ስውራን መምህራን ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። አካል ጉዳተኛ ከመጽሐፍ ዓለም ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው ከመጽሐፉ ገጽ ላይ ነው።

ለምን? እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ ብዕሩ በማን እጅ እንዳለ ነው። የሉዊ ብሬይልን ታሪክ ተመልከቱ። በ1809 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ለፈረስ የቆዳ ዕቃ ይሠራ ነበር፤ ልጁ በሦስት ዓመቱ በአባቱ መሣሪያ ሲጫወት ዓይኑን ተወጋ፤ ቁስሉ ወደ ሌላኛው ዓይን ተዛመተና ሁለቱንም አጣ። በአሥር ዓመቱ ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ የነበሩት መጻሕፍት የተለመደው የላቲን ፊደል በወረቀት ላይ ጎላ ብሎ የታተመባቸው ነበሩ። ትልልቅ፣ ከባድ፣ ቁጥራቸውም ትንሽ። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፤ ዓይነ ስውሩ በጣቱ እየዳሰሰ በዝግታ ያነባቸዋል እንጂ በዚያ መንገድ ራሱ መጻፍ አይችልም። አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አያደርጉትም።

ብሬይል ለወታደር የሌሊት ጽሕፈት ተብሎ ከታሰበ የ12 ነጥብ ዘዴ ተነስቶ፣ በ15 ዓመቱ 6 ነጥብ ብቻ ያለው የራሱን ጽሕፈት ፈጠረ። በ1829 አሳተመው። ተማሪዎቹ ወዲያው ወደዱት፤ ማስታወሻ ያዙበት፣ ደብዳቤ ተጻጻፉበት። የሚያዩት መምህራን ግን፣ እኛ የማናነበው ጽሕፈት እንዴት ይሆናል ብለው ተቃወሙ። አንድ ዳይሬክተርም ከለከለው። ተማሪዎቹ ተደብቀው ጻፉ። ትምህርት ቤቱ በይፋ የተቀበለው በ1854 ነው፤ ብሬይል ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ።

ያ ጽሕፈት ዛሬ አማርኛም ይጻፍበታል። ስድስት ነጥብ ከ200 በላይ ለሆኑት ፊደሎቻችን አይበቃም፤ ስለዚህ ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይጻፋሉ።

ብዕሩ እጅ ሲለውጥ ገጹም ይለወጣል። ግብጻዊው ጣሃ ሁሴን በልጅነቱ ዓይነ ስውር ሆነ። በ1929 በመጽሐፍ ያወጣው «አል-አያም» የልጅነት ታሪኩን የሚተርክ ሲሆን ከዘመናዊ የዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ሆነ። እሱ ራሱ በ1950 የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ።

ወደኛ ልመለስ። በተረቶቻችንና በልቦለዶቻችን አካል ጉዳተኛ ብዙ ጊዜ ወይ ለማኝ ነው፣ ወይ የወላጆቹን ኃጢአት ከፋይ፣ ወይ መጨረሻ ላይ በተአምር የሚድን። ቤት ተከራይቶ፣ ሥራ ረፍዶበት፣ ፍቅር ይዞት፣ ከጎረቤት ተጣልቶ የምናየው ስንት ጊዜ ነው?

በክፍሌ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ነበሩኝ። መጽሐፉን ጓደኛ ያነብላቸው ነበር፤ ጓደኛ ሲቀር ንባቡም ይቀራል። ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. የማራኬሽን ስምምነት ተቀብላለች። ስምምነቱ ሕጋዊ ፈቃድ ያላቸው ተቋማት የደራሲውን ፈቃድ ሳይጠብቁ መጽሐፍን በብሬይል ወይም በድምፅ ለዓይነ ስውራን እንዲያዘጋጁ መንገድ ይከፍታል። መንገድ መከፈቱ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው ካልሄደበት ሣር ይበቅልበታል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አሁን ከናንተ መካከል ደራሲ፣ ሠዓሊ፣ አሳታሚ፣ መምህር የሆናችሁ አላችሁ። የልጆች መጽሐፍ ስትስሉ በዊልቸር የምትሄደዋን ልጅ ሱቅ ላኳት፣ ጨዋታ ውስጥ አስገቧት። ስለ አካል ጉዳተኛ ከመጻፋችሁ በፊት ረቂቁን አካል ጉዳተኛ ያንብበው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሳቸው የጻፉትን አሳትሙ፣ ግዙ፣ አንብቡ።

አካል ጉዳተኛ በሆነ ደራሲ የተጻፈ የአማርኛ መጽሐፍ ካነበባችሁ ርዕሱን ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። ሰብስቤ ለሁላችሁም አጋራለሁ።