ጨው ባሕርን ማን አገኘው?
ከዲመካ ከተማ በስተምሥራቅ ዝቅ ብሎ የተዘረጋውን ጨው ባሕርን በ1888 እ.ኤ.አ. ያገኙት አውሮፓውያኑ አሳሾች ሳሙኤል ቴሌኪና ሉድቪግ ፎን ሆኽነል ናቸው ይባላል፤ በኦስትሪያዋ ልዕልት በስቴፋኒ ስምም ሰይመውታል። የጉዞው ታሪክ ራሱ ግን ይህን አባባል ይሞግተዋል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የቱርካናን ሐይቅ ዳር ይዘው ሲመጡ ስንቃቸው ተሟጦ ነበር። የደረሰላቸው የዳሰነች ሕዝብ ገበሬ በኦሞ ወንዝ ደለል ላይ ያበቀለው ማሽላ ነው፤ የከፈሉትም ጨሌ ነበር። ሻጩ ጨሌን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ሸቀጡ ከሰዎቹ ቀድሞ ደርሶ ነበርና።

ካርታውስ የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ ለአውሮፓ ያረጋገጠው በ1896 እ.ኤ.አ. የመጣው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው፤ ድካሙንም አላቃልልም። ነገር ግን ሙላቱ ሲሸሽ እየጠበቁ በወንዙ አፍ ላይ የሚዘሩት ሰዎች ውሃው የሚያበቃበትን ቦታ ለማወቅ ቦቴጎን አልጠበቁም።