በተቆለፈ ቦርሳ የተገኘ ኑዛዜ

ከእንግሊዛዊቷ ደራሲ ከቨርጂኒያ ዉልፍ ጋር መጀመሪያ የተዋወቅሁት በልቦለዶቿ ሳይሆን በአንዲት ፎቶግራፍ ነው። ጊዜው 1910 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የ28 ዓመቷ ቨርጂኒያ ከወንድሟና ከጓደኞቿ ጋር ፊቷን አጥቁራ፣ ጢም ለጥፋና ጥምጥም ጠምጥማ «የአቢሲንያ መስፍን» ሆነች። ድሬድኖት የተባለው የጦር መርከብ መኮንኖችም እንግዶቹን በክብር ተቀብለው አስጎበኟቸው። ነገሩ ሲጋለጥ ለንደን ሳቀች፤ የባሕር ኃይሉ አፈረ። እኛ ሐበሾች ብንስቅም ትንሽ ይጎረብጠናል።

ዛሬ ያነሳሁት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ሴት ወንድ መስላ ብትታይ፣ ጭምብሉ ቀልድ እስከሆነ ድረስ ሕዝብ ይስቃል። ከጭምብሉ በስተጀርባ እውነት ካለስ?

ቨርጂኒያ ባለትዳር ሆና በ1920ዎቹ ያፈቀረቻት ቪታ ሳክቪል-ዌስት የመኳንንት ልጅና ገጣሚ ነበረች። ቪታ በ1913 ዲፕሎማቱን ሃሮልድ ኒኮልሰንን አግብታ ሁለት ወንዶች ልጆች አሳድጋለች። ሴቶችንም ታፈቅር ነበር። በ1920 ከልጅነት ጓደኛዋ ከቫዮሌት ትሬፉሲስ ጋር ወደ ፈረንሳይ ኮበለለች። የሁለቱም ባሎች በአውሮፕላን ተከትለው አሚያን ከተማ ላይ ደረሱባቸው፤ ቪታም ወደ ቤቷ ተመለሰች። በዚያው ዓመት ኑዛዜዋን ጻፈች። ለባሏ ያላት ፍቅር እውነት ነው፤ ለሴቶች ያላትም እውነት ነው። እንደ እርሷ ያሉትን ሰዎች መጪው ዘመን በተሻለ እንደሚረዳቸው ተስፋ አድርጋ፣ ጽሑፉን በቆዳ ቦርሳ ቆለፈችበት።

ለምን ቆለፈችበት? በ1921 የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በሴቶች መካከል የሚደረግን የፍትወት ግንኙነት ወንጀል የሚያደርግ አንቀጽ አጸደቀ። የመኳንንቱ ምክር ቤት ግን ጣለው። የጣለው ለሴቶቹ አዝኖ እንዳይመስላችሁ! ከሺህ ሴቶች 999ኙ ስለ ነገሩ ሹክሹክታ እንኳ ሰምተው አያውቁም፤ ሕጉ ቢወጣ ያልሰሙትን ማሰማት ይሆናል ተባለ። ቅጣቱ ዝምታ ሆነ ማለት ነው።

በ1928 የራድክሊፍ ሆል ልቦለድ የሴቶችን ፍቅር በግልጽ በማንሳቱ ተከሶ እንዲቃጠል ተፈረደበት። በዚያው መኸር ቨርጂኒያ «ኦርላንዶ»ን አሳተመች። ባለታሪኩ ወንድ ሆኖ ተወልዶ ሴት ይሆናል። መታሰቢያነቱ ለቪታ ነው፤ የቪታም ፎቶግራፎች አሉበት። ማንም አልከሰሰውም። ቅዠት መስሎ ስለቀረበ ሕዝቡ ወደደው። በ1929 ደግሞ ቪታና ሃሮልድ በቢቢሲ ሬዲዮ ስለ ትዳር ሲወያዩ አገር በጥሞና አዳመጠ!

ቪታ በ1962 ስታርፍ ልጇ ናይጀል ቦርሳውን አገኘው። ቁልፉ ስላልተገኘ ቆዳውን በቢላ ቀደደው። አባቱና ቫዮሌት እስኪያርፉ ጠብቆ፣ ጽሑፉን ከራሱ ትረካ ጋር በ1973 አሳተመው። የእናቱን ገመና አወጣ ብለው የወቀሱት ነበሩ።

በቅርቡ ይህን ታሪክ በአንድ ቡና ቤት ለሁለት ወዳጆቼ አጫወትኳቸው። በአገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ወንድ ሴት ሳይል የሚከለክለው ጉዳይ ነውና፣ ሳናስበው ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። አንዱ «ባሏን ያገባችው ለሽፋን ነው» አለ። ሌላው «የወጣትነት እብደት ነበር፤ ይኸው ወደ ባሏ ተመለሰች» ሲል መለሰ። በሁሉም ነገር የማይስማሙት ወዳጆቼ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ሴትዮዋ ስለ ራሷ የጻፈችውን አላመኗትም።

ልፈርድባቸው አልችልም። እኔም መጽሐፉን ስጀምር የጠየቅሁት «ከልቧ የወደደችው ማንን ነው?» ብዬ ነበር። ጥያቄዬ ራሱ አንደኛውን ፍቅር አስቀድሞ ሐሰት የሚያደርግ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። በአማርኛችን «ሁለት ልብ» የምንለው የሚያመነታውን ሰው ነው። ቪታ በውሳኔዋ አመንትታለች፤ በፍቅሯ ግን አንድ ልብ ነበራት፤ ያ ልብ ሁለቱንም ያዘ። 49 ዓመት ገደማ የዘለቀው ትዳሯ ሽፋን አልነበረም፤ ለቫዮሌትና ለቨርጂኒያ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎችም እብደት አልነበሩም።

ቦርሳው ከተቀደደ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆነው። ኑዛዜውን ግን እስከ ዛሬ የምናነበው ግማሽ ግማሹን እየመረጥን ነው።