ቆርቆሮ ከጣሪያ ይልቅ ክምር ውስጥ ለምን ይበላሻል?

ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ባሕር ዳርን ቁልቁል ብታዩ፣ ከዛፎቹ መሃል ብዙ የቆርቆሮ ጣሪያ ታያላችሁ። የጣና ዳር ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የሚከደኑት በሣር ነበር። ታዲያ ቆርቆሮ ከየት መጣ? ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደበትስ እንዴት ዓመታት ይቆያል?

እ.ኤ.አ. በ1829 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ፓልመር ስስ ብረትን እንደ ሞገድ አጥፎ ለማጠንከር የፈጠራ መብት አገኘ። ችግሩ ዝገት ነበር። በ1837 ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመንከር ዘዴውን አስመዘገበ። ቆርቆሮ ወደ አገራችን በአፄ ምኒልክ ዘመን ገባ፤ የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ማመላለሱ ቀለለ። ቀስ በቀስም ጣና ዳር ደረሰ።

ዚንክም እኮ ይበላል፤ ግን ራሱን መከላከል ይችላል። ውሃ ሲነካው መጀመሪያ ዚንክ ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል። ነፋስ የሚያገኘው ከሆነ፣ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን ወደ ዚንክ ካርቦኔት ይለውጠዋል። ይህ ግራጫ ሽፋን ዚንኩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጣሪያውን የሚያኖረው እሱ ነው።

ቆርቆሮው ተከምሮ ሲቀመጥስ? በመሃሉ ውሃ ሰርጎ ይቀራል፤ አየር ግን እንደ ልቡ አይገባም። ሽፋኑ ሳይሠራ ዚንኩ ነጭ ዱቄት እየሆነ ያልቃል። ይህም ነጭ ዝገት ይባላል። ገንዘብ ቋጥሮ ለቤቱ ቆርቆሮ ለገዛ ሰው ቀላል ኪሳራ አይደለም።

በ1940ዎቹ ኬሚስቶች ሌላ መላ አመጡ፦ ወረቀት ላይ ተቀብቶ ቀስ እያለ የሚተን ኬሚካል። ትነቱ በተዘጋ ጥቅል ውስጥ ተሰራጭቶ ብረቱን በዓይን በማይታይ ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ከቀደምቶቹ አንዱ፣ ዳይሳይክሎሄክሲልአሚን ናይትራይት፣ ብረትን ከዝገት ቢያድንም ዚንክን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለዚንክ የሚስማሙ ሌሎች ውህዶች መፈለግ ግድ ሆነ፤ ዛሬ እነሱን የያዙ ወረቀቶችና ፕላስቲኮች አሉ። ልብ በሉ፤ የሚሠሩት ጥቅሉ እስካልተከፈተ ድረስ ነው። ጣሪያ ላይ ቢሆን ትነቱን ነፋስ ይወስደዋል።

እንዲህ ያለ ወረቀት ባይኖርስ? ቆርቆሮውን ዝናብ ከማይነካው ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ አንዱን ጫፍ ዘንበል አድርጋችሁ አስቀምጡት። በተራ ላስቲክ አታፍኑት፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከውስጥ ጤዛ ይቋጥራል። ከረጠበም ሳትዘገዩ ለያይታችሁ አድርቁት። ዚንክ ጋሻውን የሚሠራው አየር ሲያገኝ ነውና።