ሰልማን ሐምዳኒ፦ ለማዳን ሄዶ የተጠረጠረው የፖሊስ ካዴት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) በእኛ አቆጣጠር የ1994 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ቀን ነበረች። በዚያች ቀን አሜሪካ ውስጥ 19 ሰዎች አራት የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ጠልፈው 2,977 ነፍስ አጠፉ። የእነዚያን ሰዎች ፎቶ ያላየ፣ የመሪያቸውን ስም ያልሰማ የለም። ከዚያ ወዲህ ስማችንን እየጠሩ፣ ጢማችንንና ሒጃባችንን እያዩ ስለዚያ ቀን የሚጠይቁን ሰዎች ብዙ ናቸው።

በዚያው ቀን ሰው ሁሉ ከሚቃጠሉት ሕንፃዎች ሲሸሽ ሰው ለማዳን ወደ ሕንፃዎቹ የሄደውን የ23 ዓመት ሙስሊም ወጣት ስም ግን ከእኛ መካከል ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬ የምናወሳው እሱን ነው። ታሪኩ የጀግንነት ብቻ አይደለም። የጥርጣሬም ታሪክ ነው፤ የአንዲት እናት ትዕግሥትም አለበት።

ሰልማን ማን ነበር?

ሙሉ ስሙ ሙሐመድ ሰልማን ሐምዳኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በፓኪስታን የወደብ ከተማ በካራቺ ተወለደ። ገና ጨቅላ ሳለ ወላጆቹ ይዘውት ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ኒው ዮርክ ከተማ ኩዊንስ ውስጥ፣ ቤይሳይድ በሚባል ሰፈር አደገ። ለወላጆቹ ከሦስት ወንዶች ልጆች የመጀመሪያው ነው። እናቱ ወይዘሮ ጠልዐት የትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ፤ አባቱ አቶ ሰሊም ደግሞ ነጋዴ።

እንደ ማንኛውም የሰፈሩ ወጣት ነበር። በትምህርት ቤቱ ቡድን የአሜሪካን ፉትቦል ተጫውቷል። የ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች አፍቃሪ ስለነበር በመኪናው ታርጋ ላይ ሳይቀር «ወጣቱ ጄዳይ» የሚል አስጽፎ ነበር። ከሌላው ለየት የሚያደርገው አንድ ነገር ነበረው፦ ሰው ሲቸገር የሚደርስበትን ሥራ ይወዳል። ኮሌጅ እየተማረ በአምቡላንስ ላይ የድንገተኛ ሕክምና ረዳት ሆኖ ሠርቷል። በኒው ዮርክ ፖሊስም ካዴት ሆኖ አገልግሏል። የካዴት መርሐ ግብሩ የኮሌጅ ተማሪዎች በትርፍ ሰዓታቸው ከፖሊስ ጋር እየሠሩ ሙያውን እንዲለማመዱ የሚያደርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከኩዊንስ ኮሌጅ ተመርቆ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሥራ ጀመረ።

ፖሊስነት ለሙስሊም ወጣት ባዕድ ሥራ የሚመስለው ካለ፣ ሰሓቦችን ያስታውስ። ቀይስ ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ.) ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የነበረው ቦታ፣ የጸጥታ ኃላፊ ለአሚሩ ያለውን ቦታ ይመስል እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) ማስተላለፋቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ሌሊት በመዲና መንደሮች እየዞሩ የሕዝቡን ደህንነት ይጠብቁ እንደነበርም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግነው ነው። ሰዎች በሰላም እንዲተኙ ነቅቶ መጠበቅ በዲናችን የከበረ ሥራ ነው።

ያቺ ማለዳ

የመጀመሪያው አውሮፕላን የሰሜኑን ሕንፃ የመታው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ነው። ሁለተኛው ከ17 ደቂቃ በኋላ የደቡቡን መታ። ሰልማን እንደ ሌላው ቀን ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሥራው እያመራ ነበር። ሥራ ቦታው ግን አልደረሰም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ያለው ከመንትያ ሕንፃዎቹ ብዙ ርቆ፣ በማንሃተን ሰሜናዊ ምሥራቅ በኩል ነው። ወደ ሕንፃዎቹ የሚወስደው ምንም ጉዳይ አልነበረውም። ሂድ ብሎ ያዘዘው አለቃም አልነበረም። የፖሊስ ካዴትነት ሥልጠና አለው፣ ቁስለኛ ማከም ያውቃል፤ ለሄደበት ምክንያት ቤተሰቡ ያገኘው መልስ ይኸው ብቻ ነበር። አንዱ ሕንፃ በ3 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ላይ ወደቀ፤ ሌላው በ4 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ተከተለ። በዚያ ፍርስራሽ ሥር 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞችና 23 የኒው ዮርክ ፖሊሶች ቀሩ። ሰልማንም ከዚያ አልተመለሰም።

ልጅ ሲጠፋ፣ ጥርጣሬ ሲመጣ

ወላጆቹ እንደ ሌሎቹ ቤተሰቦች ሁሉ ፎቶውን ይዘው ከሆስፒታል ሆስፒታል ዞሩ። ሞቷል ብሎ የነገራቸው የለም፤ ኖሯል ብሎ የነገራቸውም የለም። ቀናት ወደ ሳምንታት ተለወጡ። ከዚያም ያልጠበቁት ነገር መጣ፦ መርማሪዎች ስለ ልጃቸው ይጠይቋቸው ጀመር። ጥያቄው ግን ልጁን ለማግኘት የሚረዳ ዓይነት አልነበረም። ከማን ጋር ይውላል፣ ምን ያምናል፣ ወዴት ሊሄድ ይችላል የሚል ነበር። በካዴትነቱ ጊዜ የተነሳው ፎቶ ያለበት፣ ከተገኘ እንዲያዝ የሚያሳስብ በራሪ ወረቀትም ተሰራጨ።

በኦክቶበር ወር 2001 ወላጆቹ አላህን ሊለምኑ ወደ መካ ተጓዙ። በዚያው ሰሞን «ኒው ዮርክ ፖስት» የተባለው ጋዜጣ ሰልማን ጠፍቶ ነው ወይስ ተደብቆ ብሎ የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣ። ሱብሓነላህ! እናትና አባት በከዕባ ዙሪያ ስለ ልጃቸው ያለቅሳሉ፤ ከተማቸው ደግሞ ልጃቸውን ወንጀለኛ ይሆናል እያለ ያወራል። ማስረጃው ምን ነበር? ስሙ ሙሐመድ ነው፤ የተወለደው ፓኪስታን ነው፤ የት እንዳለም አይታወቅም። ሌላ የለም። በዚያ ቀን የት እንደገባ ያልታወቀው ሰው በሺዎች የሚቆጠር ነው። ከእነዚያ ሁሉ መካከል መጥፋቱ እንደ ጥፋት የተቆጠረበት ግን እሱ ሆነ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው፣ በዚያው ወር የአሜሪካ ኮንግረስ «ፓትሪዮት አክት» የተባለውን ሕግ ሲያወጣ የሰልማንን ስም በሕጉ ውስጥ በበጎ ማንሳቱ ነው። ሕጉ በኦክቶበር 26 ቀን ተፈረመ። በጥቃቱ ጊዜ ጀግንነት ካሳዩት ሙስሊም አሜሪካውያን አንዱ እንደሆነና ለእርዳታ ሄዶ እንደጠፋ ይታመናል ይላል። የዚህ ሕግ ሌሎች አንቀጾች መንግሥት ሰዎችን የሚከታተልበትንና የሚሰልልበትን ሥልጣን ያሰፉ ናቸው፤ ብዙ የሀገሪቱ ሙስሊሞችም ለዓመታት ሲያማርሩባቸው ኖረዋል። አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ በጋዜጣ ተጠርጣሪ፣ በሕግ መጽሐፍ ጀግና ሆነ።

ጀናዛው

እውነቱ የወጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው። በማርች ወር 2002 ከፍርስራሹ የተገኘ ቅሪተ አካል በዲ.ኤን.ኤ ምርመራ የሰልማን መሆኑ ተረጋገጠ፤ ፖሊሶች ወደ ቤቱ ሄደው ለቤተሰቡ ነገሩ። ልጁ አልተደበቀም ነበር። እነዚያ ሁሉ ወራት ሲያልፉ እሱ ሊያድናቸው ከሄደላቸው ሰዎች ጋር አፈር ውስጥ ነበር።

በኤፕሪል 2002 ማንሃተን 96ኛ ጎዳና ላይ በሚገኘው የኒው ዮርክ እስላማዊ የባህል ማዕከል መስጂድ የሽኝት ሥነ ሥርዓቱ ተደረገ። የአስከሬን ሣጥኑ በአሜሪካ ባንዲራ ተሸፍኖ ነበር፤ ፖሊስም ሙሉ ክብር ሰጠው። የከተማዋ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግና የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሬይመንድ ኬሊ በመስጂዱ ተገኝተው ሰልማንን አወደሱ። የጠረጠረችው ከተማ በራሷ ባለሥልጣናት አፍ ጀግና አለችው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሸሂዶች ከቆጠሯቸው ሰዎች መካከል የፈረሰ ሕንፃ የተጫነው ሰው እንደሚገኝ በሰሒሕ ሐዲስ ተላልፎልናል። በስሙ ለይተን «እሱ ሸሂድ ነው» ብለን አንፈርድም፤ ፍርዱ የአላህ ነው። ግን አላህ ከእነሱ ያደርገው ዘንድ እንከጅላለን፣ ዱዓም እናደርግለታለን።

ስሙ የተጻፈበት ቦታ

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሕንፃዎቹ በነበሩበት ቦታ መታሰቢያው ተከፈተ። የሟቾቹ ስም በሁለት ትላልቅ የውሃ ገንዳዎች ዙሪያ በነሐስ ላይ ተቀርጿል። ስሞቹ በፊደል ተራ የተደረደሩ አይደሉም፤ አብረው የሠሩ አብረው ተቀመጡ፤ ፖሊሶች ከፖሊሶች፣ እሳት አደጋ ሠራተኞች ከባልደረቦቻቸው። የሰልማን ስም ግን ከፖሊሶቹ ጋር የለም። በደቡቡ ገንዳ መጨረሻ አካባቢ፣ ኤስ-66 በተባለው ሰሌዳ ላይ፣ የትኛውም ቡድን ውስጥ ካልገቡ ሰዎች ጋር ነው የተቀረጸው። የተሰጠው ምክንያት በዕለቱ በአገልግሎት ላይ ያለ ካዴት አልነበረም የሚል ነው።

በመዝገብ ከሄድን አባባሉ ልክ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ግዴታ የሚጀምረው የሥራ ሰዓት መዝገብ ላይ ሲፈረም ነው? ደመወዝ እየተከፈለው፣ ታዝዞ የሄደ ሰው ክብር ይገባዋል፤ ይህ አያጠራጥርም። ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይከፍለው በተማረው ሙያ ሰው ላድን ብሎ የሄደ ሰው ግን ከዚያ የሚያንሰው በምን ሚዛን ነው? ሥራ የሚመዘነው በኒያ እንደሆነ የተማርን ሕዝብ ነንና መልሱ አይከብደንም። አንዲት ነፍስ ያዳነ ሰውን ሁሉ እንዳዳነ የሚቆጠር መሆኑን ቁርኣን ሲያስተምረን፣ የሥራ ሰዓቱን አልጠየቀም።

እናቱ ይህን ጥያቄ ይዘው ዓመታት ተሟገቱ። ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 አረፉ፤ እሳቸው ግን አላቆሙም። በጥቃቱ ዘመዶቻቸውን ያጡና በቀልን የማይሹ ቤተሰቦች ካቋቋሙት ማኅበር ጋር ሆነው ስለ ሰላምና ስለ ሙስሊሞች መብት ተናገሩ። በማርች 2011 ደግሞ ወደ ኮንግረስ በመመረጥ የመጀመሪያው ሙስሊም የሆኑት ኪት ኤሊሰን በምክር ቤቱ ችሎት የሰልማንን ታሪክ ሲናገሩ እንባ እየተናነቃቸው ነበር። ችሎቱ የተጠራው ስለ አሜሪካ ሙስሊሞች አክራሪነት ለመነጋገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ባደገበት በቤይሳይድ አንድ ጎዳና በስሙ ተሰየመ። በተማረበት ኮሌጅም ለተማሪዎች የሚሰጥ ሽልማት በስሙ ተቋቁሟል።

ምን እንውሰድ?

ውድ ወጣቶች! በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላይ ያ ትልቅ ቅጥፈት በተነዛ ጊዜ መዲና አንድ ወር ያህል ተጨንቃለች። አላህ ንጽሕናዋን በቁርኣን አወረደ፤ ሳያጣሩ የተቀባበሉትንም ገሠጸ። በዚያ ወር አቡ አዩብ አል-አንሷሪ ከባለቤታቸው ጋር ስለ ወሬው ሲነጋገሩ፣ አንቺ ይህን ታደርጊያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። አላደርገውም ስትል፣ ዓኢሻ ካንቺ ትበልጣለች አሏት። ወሬው እዚያ ቤት ደርሶ ሞተ። ከእነሱ ቤት ወደ ጎረቤት አልተሻገረም።

እኛ ስማችን ብቻ ታይቶ ስንጠረጠር እንዴት እንደሚያመን እናውቃለን። የሰልማን እናት ያዩትን መከራ ስናነብም ልባችን ይነካል። እንግዲያውስ ነገ አንድ ፎቶ «ይህ ሰው እንዲህ አደረገ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ስልካችን ላይ ሲደርስ፣ የሰውየው ብሔር ወይም ሃይማኖት ከእኛ የተለየ ቢሆንም፣ ጣታችን ማስተላለፊያውን ከመንካቱ በፊት ያችን እናት እናስታውስ። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አጣሩ፣ ከብዙ ጥርጣሬም ራቁ ያለው ለሌሎች ብቻ አይደለም። ጥርጣሬው የተሰራጨው በአንድ ቀን ጋዜጣ ነው። ስሙን ወደነበረበት ለመመለስ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ዛሬም በነሐሱ ላይ ያለው ቦታ ያው ነው።

ሌላው ደግሞ ይህ ነው፦ አንድ ሰው ንጹሕ መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ያንን ዜና ከጥርጣሬው እኩል ጮክ ብለን እናሰራጭ። የሰልማንን ስም ለወንድም ለእህቶቻችሁ ንገሩ፤ ፖሊስ፣ ነርስ፣ የአምቡላንስ ሠራተኛ መሆን ለሚያስብ ልጅ ንገሩ። ስለዚያ ቀን የሚጠይቃችሁ ሰው ሲመጣም ይህንን ስም አንሱለት።

አላህ ሰልማንን ይማረው፣ ቀብሩን ያስፋለት፣ ለእናቱ ሶብር ይስጣቸው። የሰዎችን ሕይወት ለመጠበቅ ወጥተው ያልተመለሱትን ሁሉ ቤተሰቦች ያጽናና። እኛንም ከክፉ ጥርጣሬ፣ ምላሳችንንም ከሰው ክብር ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።