የሕፃናት ጆሮ በኢሉባቦር፦ ዝምተኛ ሕመምና ታሪኩ

በሀገራችን የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ከጆሮ የጀመረ አንድ ምዕራፍ አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 በሱዳን በኩል ወደ ምዕራብ ወለጋ ገብተው በሰዮ፣ ማለትም በዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ የሕክምና ሥራ ጀመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለዕረፍት ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ መንገዳቸው በጎሬ በኩል ሆነ። የኢሉባቦር ገዥ የነበሩት ደጃዝማች፣ በኋላም ራስ፣ ናደው በዚያን ጊዜ በጆሮ ሕመም ይሠቃዩ ነበር። እንደሚተረከው ሐኪሙ ጆሮአቸውን ቢመለከቱ ያገኙት አንዲት ነፍሳት ነው። አወጧት፤ ገዥውም ተፈወሱ። ከዚህ የተነሣ ናደው ስለ ሐኪሙ ለአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጻፉ፤ ላምቢም አዲስ አበባ ሲደርሱ በመልካም ሁኔታ ተቀበሏቸው። ነገሩ እያደገ ሄዶ በጉለሌ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል እንዲቋቋም ምክንያት ሆነ። ናደው ራሳቸው ደግሞ ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን በጄኔቭ የተገኘው መልእክተኛ ቡድን መሪ ነበሩ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ትንሽ ነገር ትልቅ ነገርን እንደምታስከትል ለማሳየት ነው። እኔ ግን ያነሣሁት ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያው ዘመን በጎሬ፣ በመቱና በያዮ ቡና ደን ውስጥ ጆሮአቸው የታመመ ሕፃናት ነበሩ፤ ከእነርሱ ግን አንዱም በታሪክ አልተመዘገበም። የገዥ ጆሮና የገበሬ ልጅ ጆሮ እኩል ስላልታዩ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ይሁን እንጂ ከዚህ የጠለቀ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም በሕመሙ ጠባይ ውስጥ የሚገኝ ነው። ነፍሳት የገባበት ጆሮ ባለቤቱን እንቅልፍ ይነሣል። በሕፃን ጆሮ ውስጥ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ግን ባለቤቱን እንኳ አይቀሰቅስም። አባቶች «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉት ስለ ሐሜት ነው፤ ለእኛ ሙያ ግን ቃል በቃል እውነት ነው።

መካከለኛው ጆሮ ከታምቡሩ በስተ ውስጥ የሚገኝ አየር የሞላው ጠባብ ክፍል ነው። አየሩ የሚታደሰው ይህን ክፍል ከአፍንጫ በስተኋላ ከላንቃ በላይ ካለው ቦታ ጋር በሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ አማካይነት ነው። ይህ ቱቦ በዐዋቂ ሰው ወደ ታች ያዘቀዘቀ ሲሆን በሕፃን አጭርና ወደ አግድም የተጋደመ ነው። ስለዚህ ጉንፋን በመጣ ቁጥር ይደፈናል፤ ጀርሞችም በቀላሉ ይወጡበታል። ከዚህ በኋላ ነገሩ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው መንገድ የሚጮኸው ነው፤ ሕፃኑ ያተኩሰዋል፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል፣ ታምቡሩ ይቀደድና መግል ይፈስሳል። ሁለተኛው መንገድ ዝምተኛው ነው፤ ትኩሳት ሳይኖር፣ ሕመምም ሳይሰማ፣ ፈሳሹ ከታምቡሩ ኋላ ተቀምጦ ይቆያል። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበትም ጊዜ አለ። በቦስተን የተደረገ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕመሙና ትኩሳቱ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከ10 ሕፃናት በ7ቱ፣ ከአንድ ወር በኋላ በ4ቱ፣ ከሦስት ወር በኋላም በ1ዱ ጆሮ ውስጥ ፈሳሹ አሁንም ነበረ። በዚህ ጊዜ የመስማት ኃይል በአማካይ 25 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ጣቱን በጆሮው ከትቶ የሌላውን ወግ ለመስማት የሞከረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሐኪሞች ይህን ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ከብርቱ ትኩሳት ጋር የሚመጣ የጆሮ ሕመም ሰውን እንደሚገድል ያውቁ ነበር። ቱቦውን በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዝርዝር የገለጸው ጣሊያናዊው ኡስታኪ ነው። ሌላው ጣሊያናዊ ቫልሳልቫ እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው መጽሐፍ ቱቦውን በኡስታኪ ስም ጠራው፤ አፍንጫንና አፍን ይዞ አየርን ወደ ጆሮ መግፋትንም አስተማረ። ከዚያ በኋላ የመጣው የለንደኑ ቀዶ ሐኪም አስትሊ ኩፐር ነበር። በ1800 ገደማ ታምቡርን በመብሳት የደነቆሩ ሰዎች እንደገና መስማታቸውን ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አስታውቆ የማኅበሩን ታላቅ ሜዳይ ተሸለመ። ዝናው ከወጣ በኋላ ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን የደነቆረ ሁሉ ታምቡሬ ይበሳልኝ እያለ መጣ፤ ሌሎች ሐኪሞችም ሳይመርጡ ይበሱ ጀመር። ቀዳዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደፈናል፤ ቱቦው ላልተደፈነበት በሽተኛ ደግሞ መብሳቱ ምንም አይረባም። ኩፐር ራሱ ሥራውን ተወው። መልካም መድኃኒት ላልተገባው ሰው ሲሰጥ ስሙ እንደሚጠፋ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ችግሩ የቀዳዳው መደፈን ነበርና በቪየና የጆሮ ሕክምናን ያስተማረው አዳም ፖሊትዘር በ1860ዎቹ ከጎማ የተሠራ ትንሽ ቀለበት በታምቡሩ ላይ ሊተክል ሞከረ፤ ለዘለቄታው ግን አልሰነበተለትም። አየርን በጎማ ፊኛ በአፍንጫ በኩል መግፋትን ያስተማረውም እርሱ ነው። የተሳካው ትንሽ ቱቦ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ አሜሪካዊው ቤቨርሊ አርምስትሮንግ ከፕላስቲክ ሠራው።

በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ያለፈው ዘመን ግን የመግል ዘመን ነበር። ከጆሮ ግንድ በስተኋላ ያለው አጥንት ሲመግል አጥንቱን ከፍቶ መጥረግን ጀርመናዊው ሽቫርትሰ በ1873 በሥርዓት ካስተማረ ጀምሮ፣ በአውሮፓ የሕፃናት ሆስፒታሎች ከጆሮው ጀርባ ጠባሳ የሌለበት አልጋ አልነበረም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በ1930ዎቹ ሰልፋ፣ በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ሲመጣ ይህ ሥራ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ወደ ጥቂት ወረደ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። መግሉ ከመንገዱ ሲነሣ ከኋላው ተደብቆ የኖረው ፈሳሽ ታየ። ሐኪሞች ከ1950ዎቹ ወዲህ እንደ ሙጫ የወፈረ ፈሳሽ በብዙ ሕፃናት ጆሮ ማግኘታቸው በሽታው አዲስ ስለ ሆነ አልነበረም፤ የሚጮኸው ሕመም ዝም ሲል ዝምተኛው ተሰማ እንጂ።

በእኛ ሀገር ያ ቅደም ተከተል ገና አልተፈጸመም። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ወደ ገጠር እንዲወጡ ታስቦ ነበር፤ ወጡም። ከእነርሱ በፊትና ከእነርሱ ጋር ድሬሰሮች ነበሩ። ለደቡብ ምዕራብ በተለይ ትልቅ ለውጥ ያመጣው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 መቋቋሙ ነው። የክፍለ ሀገሩ ርእሰ ከተማ ከጎሬ ወደ መቱ የተዛወረው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነበር፤ ዛሬ ከያዮ፣ ከሁሩሙና ከአካባቢው የሚመጣውን በሽተኛ የሚቀበለው የመቱ ካርል ሆስፒታል በዚያው ከተማ ይገኛል። ስሙ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የመሠረቱትን ኦስትሪያዊውን ተዋናይ ካርልሃይንስ በምን ያስታውሳል።

ያዮ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ወረዳ ናት። ጫካ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅለው ቡናዋ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለ ደኑና ስለ ቡናው ብዙ ተጽፏል። ዝናቡ ግን ለቡና የሚበጀውን ያህል ለሕፃን ጆሮ አይበጅም። ዝናሙ ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት ይይዛል፤ በዝናም ጊዜ ቤተሰብ ሁሉ ምድጃው ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ጭሱም መውጫ የለውም። ከአንዱ ልጅ የተነሣ ጉንፋን ሌላውን ሳይዝ አይለቅም። ጭስ፣ መጨናነቅና ተደጋጋሚ ጉንፋን የሕፃናትን ጆሮ ከሚያሳምሙት ምክንያቶች መካከል በመጀመሪያው ረድፍ የሚቆጠሩ ናቸው። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ እናት ከነሕፃኑ ደን ውስጥ ትውላለች፤ ጆሮው የፈሰሰ ልጅ ለቀማው እስኪያልቅ ይጠብቃል።

በቤት የሚደረገው ሕክምና በየስፍራው ተመሳሳይ ነው። ቅቤ፣ ዘይት፣ የእናት ጡት ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ በጆሮ ይንጠባጠባል። የምታደርገው እናት ልጅዋን የምትወድ እናት ናትና በቁጣ መናገር አይገባም። ነገር ግን ታምቡሩ በተቀደደ ጆሮ የገባ ነገር ሁሉ በቀጥታ ወደ መካከለኛው ክፍል ይገባል። ጆሮ የሚፈልገው መድረቅን ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ እርጥበቱን የሚመጥ ፈትል በቀን ሦስት ጊዜ እየለወጡ ማድረቅን ማንም እናት በአንድ ጠዋት ትማረዋለች።

ስለ ቃል አንድ ነገር ልጨምር። ከደጋው አማርኛ ብቻ ይዞ ኢሉባቦር የገባ የጤና ባለሙያ መጀመሪያ ከሚማራቸው የኦሮምኛ ቃላት አንዱ «ጉራ» ነው፤ ጆሮ ማለት ነው። «ራ»ን አጥብቆ ካልተናገረ ግን ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ይመስላል። ከዚህ ይልቅ ቁም ነገር ያለው ሁለተኛው ቃል ነው። በኦሮምኛ «ዱዳ» የሚባለው የማይሰማ ሰው ሲሆን በአማርኛ «ዱዳ» የሚባለው የማይናገር ነው። ዛሬ ቃሉ ሰውን የሚያሳዝን ስለ ሆነ መስማት የተሳነው እንላለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ቃል ምክንያቱንና ውጤቱን ተካፍለው መያዛቸውን ሳላስተውል ማለፍ አልቻልሁም፤ ያልሰማ ሕፃን አይናገርምና። ፈሳሽ የተቋጠረበት ልጅ ፈጽሞ አይደነቁርም፤ የቃሉን ጫፍ ግን ይስተዋል። ቋንቋ በሚለመድበት በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ለወራት እንዲህ የሰማ ልጅ በትምህርት ቤት «ሰነፍ» ወይም «እምቢተኛ» ሲባል እንሰማለን። የያዮ ልጅ በቤቱ ኦሮምኛ ሰምቶ ያደገ ሆኖ በኋላ አማርኛና እንግሊዝኛ ሲጨመርበት ጉዳቱ በሦስት ቋንቋ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ እኛ ሥራ ልመለስ። የሕፃናትን ሕመም በአንድነት ለማከም የተዘጋጀው የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተፈተነባቸው ስፍራዎች አንዷ ጎንደር ነበረች፤ የዚያም ውጤት በ1997 በድርጅቱ መጽሔት ታትሟል። መመሪያው የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ያተረፈ ነውና አላንቋሽሸውም። ስለ ጆሮ የሚጠይቀው ግን ይህን ነው፦ ሕመም አለ ወይ? መግል ይፈስሳል ወይ? ከ14 ቀን በታች ነው ወይስ ከዚያ በላይ? ከጆሮ ግንድ ኋላ የሚያም እብጠት አለ ወይ? ሕመምም መግልም ከሌለ ሕፃኑ «የጆሮ ኢንፌክሽን የለውም» ተብሎ ይመደባል፤ ተጨማሪ ሕክምናም አያስፈልገውም። ይህ ያለ ኦቶስኮፕ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ በመሆኑ ሊሆን የሚችለው ይኸው ነው። ውጤቱ ግን ዝምተኛው ፈሳሽ በሰንጠረዡ ላይ ስም የሌለው መሆኑ ነው። ራስ ናደው ቢመጡ በመጀመሪያው ጥያቄ ይያዛሉ፤ የሦስት ዓመቱ የያዮ ልጅ በአራቱም ጥያቄዎች አምልጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የሚጮኸውን ወገን በተመለከተ መልካም ነገር ታይቷል። የኢንፍሉዌንዛ ባሲል ክትባት ከአምስቱ ጥምር ክትባት ጋር በ1999 ዓ.ም.፣ የኒሞኮካል ክትባት ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ ተጀምረዋል። ዋና ዓላማቸው የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ቢሆንም የኒሞኮካሉ ክትባት ጆሮን ከሚያመግሉት ዋና ጀርሞች አንዱን ይነካል። ለዝምተኛው ግን ክትባቱም፣ አሞክሲሲሊኑም እምብዛም አይረዱትም፤ ለእርሱ አንቲባዮቲክ መስጠት እንደ ኩፐር ዘመን ታምቡር መብሳት ነው።

ታዲያ መቱ ወይም ያዮ ላለ ባልደረባ ምን ይቀራል? አብዛኛው ፈሳሽ በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋልና የመጀመሪያው መድኃኒት መጠበቅ ነው፤ መጠበቅ ግን ሲባል ቀኑን በካርዱ ላይ ጽፎ ልጁን መልሶ ማየት ማለት ነው። መግሉ የቆመለት ልጅ «ድኗል» ተብሎ ሲሰናበት ያን ቀን መጻፍ ምንም ወጪ የለበትም። ከልጁ ጀርባ ቆሞ በሹክሹክታ የሚያውቀውን ዕቃ ስም መጥራትና መልሶ እንዲናገር መጠየቅ መሣሪያ አይፈልግም። ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 11 ለሆኑ ልጆች በአፍንጫ የሚነፋ ትንሽ ፊኛ እንደሚረዳ በእንግሊዝ ሀገር 320 ልጆች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ቫልሳልቫና ፖሊትዘር በዚህ መንገድ ተመልሰው መጡ ማለት ነው። ከሦስት ወር በኋላ በሹክሹክታ የሚጠራውን ስም አሁንም የማይመልስ ልጅ ወደ ጆሮ ሐኪም ይላካል፤ እስኪደርስ ድረስም መምህሩ በፊተኛው ወንበር፣ ከመስኮቱ ርቆ፣ ፊቱን እያየ እንዲቀመጥ አንዲት ወረቀት ይጻፍለት።