ሃርድ ዲስክና የወሎ መጻሕፍት

የወሎን መጻሕፍት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ደራሲዎቹን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን የተሸከመውንም ዕቃ ሊመረምር ይገባዋል። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ከ13ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የቆየው በብራና ላይ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ይህንኑ ወንጌል 1832 የሚል ቁጥር ሰጥቶ አነሣው፤ ቅጂውም እስከ ሚኒሶታ ደረሰ። ነገር ግን ፊልም ያለ ማንበቢያ መኪና ለባለ መጽሐፉ ምን ይጠቅመዋል?

ሃርድ ዲስክ በ1956 እ.ኤ.አ. ከአይ.ቢ.ኤም. ሲወጣ 50 ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ያህል ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዘው የውጭ ሃርድ ዲስክ በአንድ ሼክ ቤት ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ በፎቶግራፍ ይይዛል።

ይህ ለከሚሴ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በወሎ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉት የዐረብኛ መጻሕፍትና የአማርኛ መንዙማዎች ብዙዎቹ በየሰው ቤት ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ከሚሴን ባዳረሰ ጊዜ የደሴው ሙዚየም እንኳ ተዘርፏል። መጽሐፍና ዲስክ በአንድ ሳጥን ከተቀመጡ በአንድ ቀን አብረው ይጠፋሉ።

ዲስክም ቢሆን ሟች ነው። በሚሽከረከረው ሳህንና በማንበቢያው ራስ መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ መውደቅ ሊያበቃለት ይችላል፤ ሳይወድቅም ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ያልቃል። ብራናው ግን ሰባት መቶ ዓመት ቆየ! ስለዚህ ቅጂው በየጊዜው ወደ አዲስ ዲስክ እየተገለበጠ፣ አንዱ ከሁሉ በፊት ለባለቤቱ ከሚሴ ይሰጥ፤ ሁለተኛው በወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስተኛው አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይቀመጥ።