ማሽኗ ስትጮህ

እስቲ ቀረብ በሉ፤ የእናቴን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ታሪክ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ጉለሌ፣ እናቴ ግቢ ነው። ከማድ ቤቱ ጎን በቆርቆሮ የከለልነው ጥግ አለ፤ ማሽኗ የምትቆመው እዚያ ነው። ድሮ ነጭ ነበረች፤ ዛሬ ቀለሟ ወደ ቅቤ አድልቷል፣ አንዱ እግሯም ዝጓል። ያመጣቻት እህቴ ናት። ጅዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ በ2001 ዓ.ም. ስትመለስ ሻንጣዎቿን ትታ ስለዚህች ማሽን ነበር የምትጨነቀው። «የሰው ልብስ ሳጥብ እማዬ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ትታየኝ ነበር» አለችን። ከዚያ በኋላ ማሽኗን ማን ደፍሮ ዕቃ ይበላት?

የመጀመሪያው ቀን አይረሳኝም። ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ቡና ተፈልቷል። ስፒናውን ሰካን፣ ልብስ ከተትን፣ ውኃ ሞላች፣ አጠበች። መጭመቅ ስትጀምር ግን እየተንዘፈዘፈች ከግድግዳው ተነሥታ ወደ በሩ መራመድ ያዘች። እማዬ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ለካስ ከጀርባዋ አራት ረጃጅም ብሎኖች አሉ። ውስጥ ያለው በርሜል በመንገድ ሲናጥ እንዳይሰበር ከፋብሪካ ሲልኳት ከአካሏ ጋር የሚያስሩባቸው ናቸው፤ ቤት ስትደርስ ይፈታሉ። በርሜሉ በሞላ ተንጠልጥሎ እንዲወዛወዝ ነው የተሠራው፤ ከታሰረ ንዝረቱን ሁሉ ለቆመችበት መሬት ያስተላልፈዋል። ፈታናቸው፤ ቆመች። ብሎኖቹ እስከ ዛሬ እማዬ መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው አሉ።

ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት አገለገለችን! አመል ነበራት፤ ልደብቃችሁ አልችልም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሮቶው የሚወርደው ጉልበት ሲያንሰው ለመሙላት ሰዓት ትፈጃለች። የውኃ መግቢያዋ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት አውጥቶ ደለሉን ማጠብ የእኔ ሥራ ሆነ። አንዴ ደግሞ ውኃውን አልደፋም አለች፤ ከታች ያለውን ማጣሪያ ብከፍተው ሁለት የአንድ ብር ሳንቲምና የእህቴ ልጅ የሸሚዝ ቁልፍ ወጡ። ይህን ሁሉ ጉንፋን በሉት።

ዋናው ሕመም የመጣው አምና፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። መጀመሪያ ስትጨምቅ ብቻ ታጉረመርም ነበር። ወር ሳይሞላው ጩኸቷ አጥር ዘሎ ጎረቤት ደረሰ። «እንደ ወፍጮ ቤት» አለች እማዬ። እማዬ ወፍጮ ቤት ታውቃለች፤ በልጅነቷ ስንዴ ተሸክማ ወረፋ ጠብቃለች። እየቆየ ጩኸቱን ለመድነው፤ መብራት መጥፋቱን እንኳ የምናውቀው በማሽኗ ሆነ። ድምፁ ድንገት ጸጥ ሲል እማዬ ከማድ ቤት ሆና «መብራት ሄደ እንዴ?» ትላለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

አንድ ጠጋኝ ጠራን። ጀርባዋን እንኳ ሳይከፍት ትንሽ ሰማትና «ሞተሯ ተቃጥሏል፤ ለቁራሌው ስጡና አዲስ ግዙ» አለ። እማዬ ምንም አልመለሰችለትም፤ ሻይ አጠጥታ ሸኘችው። በማግስቱ ስመጣ ጋቢ በእጇ ስታጥብ አገኘኋት። ዕድሜዋ ስድሳ ስምንት ነው። ውኃ የጠጣ ጋቢ እንዴት እንደሚከብድ የጨመቀ ያውቀዋል። አንዱን ጫፍ በቧንቧው ላይ አዙራ ሌላውን በሁለት እጇ ትጠመዝዛለች፤ የጣቶቿ አንጓዎች ነጥተዋል፣ የታች ከንፈሯን ነክሳለች። ስታየኝ ጋቢውን ሳፋው ውስጥ ለቀቀችውና ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እጇን በቀሚሷ አደራረቀች። ማሽኗን ላሠራት የቆረጥኩት ያኔ ነው።

ጎረቤታችን የጋራዥ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን መኪና ሥር የጨረሱ። «ጋሼ፣ እባክዎ መጥተው ይስሙልኝ» አልኳቸው። አንድ ረጅም ካቻቢቴ ብቻ ይዘው መጡ።

«በመጀመሪያ ስፒናውን ንቀል» አሉኝ። ጀርባዋን ከፈትን። ችንጋውን ከፑሌጃው ላይ አወረዱና ሞተሩን ለብቻው በእጃቸው አሽከረከሩት፤ ድምፅ የለውም፣ ሽታም የለውም። ቀጥለው በርሜሉን አዞሩት። ግርርርር! «ታዲያ ይሄ ሞተር ጠጋኙን ምን በደለው?» አሉ። የካቻቢቴውን ጫፍ ዘንጉ ከሚወጣበት ሥፍራ አጠገብ አስደገፉና እጀታውን ወደ እኔ አዞሩት። «ጆሮህን ለጥፍና ስማ፤ እኔ ላዙር።»

ለጠፍኩ። ብረቱ ድምፁን አጥንት ድረስ ያደርሰዋል። አሸዋ ያለበት ቆሎ በጥርስ ሲፈጭ እንደሚሰማው ነው፤ ዙሩ በመጣ ቁጥር ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ቀጭ! ይላል። «ኩሽኔታ ነው ልጄ» አሉ ጋሼ። «ውኃ ገብቶበት ቅባቱን በልቶታል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በርሜሉ ከኋላው አንድ ዘንግ አለው፤ ያ ዘንግ በሁለት ኩሽኔታ ላይ ይዞራል። የእኛዋ ስትጨምቅ በደቂቃ 800 ዙር ትሄዳለች፤ የረጠበ ልብስ ሁሉ ክብደቱን የሚጥለው በእነዚያ ሁለት ቀለበቶች ላይ ነው። ከውኃው የሚጋርዳቸው አንድ ኦይልሲል፣ አንድ የጎማ ከንፈር ብቻ ነው። ከንፈሩ ሲበላ ውኃና ሳሙና ሾልኮ ይገባል፣ ግራሱን ያጥባል፣ ብረቱ ይዝጋል። ሰው የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ፈታናት። ሽቦ ከመንቀሌ በፊት ሁሉንም በስልኬ ፎቶ አነሣሁ፤ ይህን ያላደረገ ሲገጥም ያለቅሳል። ከላይ የታሰረባት የኮንክሪት ድንጋይ አለ፤ ሳነሣው እማዬ ደንግጣ «ድንጋይ ነው የጫኑብን?» አለች። ሚዛኗ ነው፤ እሱ ባይኖር ስትጨምቅ ትዘላለች። በርሜሉ የተቀመጠበት የፕላስቲክ ጋን ሁለት ግማሽ ነው፤ ዙሪያውን በሃያ ሁለት ብሎን ታስሯል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ዛሬ ብዙ አዳዲስ ማሽኖች ይህን ጋን በብሎን አያስሩትም፤ አንድ ላይ ያቀልጡታል። ኩሽኔታው ሲሄድ ጋኑን ከነበርሜሉ ግዛ ነው። እንዲህ አድርጎ መሥራት በደል ነው፤ የአንዲት ትንሽ ቀለበት ሕመም ጤነኛውን አካል ሁሉ ይዞ እንዲሞት መፍረድ ነው። የእናቴ አሮጌ ማሽን ግን የሚፈታ ብሎን ነበራት።

ስንከፍተው የኦይልሲሉ ከንፈር ተበልቶ እንደ ክር ሳስቷል። ከኋላው ቡናማ ጭቃ አለ፤ ግራስ የነበረ። በርሜሉን የያዘው ባለሦስት ክንድ አሉሚኒየምም ግራጫ አተላ ለብሶ፣ ፊቱ እንደ ፈንጣጣ ተቦርቡሯል፤ ግን አልተሰነጠቀም። «ሳሙና በዝቶባታል» አሉ ጋሼ። እማዬ የእጅ ማጠቢያውን ዱቄት በእፍኝ ነበር የምትጨምርላት። አረፋ ያልወጣው ልብስ ጸዳ ብላ እንዴት ትመን? ዕድሜዋን ሙሉ ያጠበችው አረፋ እያየች ነው። ይህች ማሽን ግን የምትጠጣው ውኃ ጥቂት ነው፤ ያን ሁሉ ሳሙና አጥርቶ አያወጣውም፤ የተረፈው ውስጧ ተቀምጦ ብረቷን ይበላል።

የኩሽኔታዎቹን ዝገት በጨርቅ ስንጠርገው ቁጥሮቻቸው ወጡ፤ 6205 እና 6204። ጋሼ ዓይናቸው በራ። «ይኸው! የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በአምስት አባዛ፤ 25 ሚሊሜትር፣ 20 ሚሊሜትር፤ የዘንጉ ውፍረት ነው።» የትም አገር ብትሄዱ 6205 ያው 6205 ነው፤ ለልብስ ማጠቢያም ለሌላም። ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ባለሱቁ «የምን መኪና ነው ወንድሜ?» አለኝ። «የእናቴ ልብስ ማጠቢያ ናት» አልኩት። ሊሰጠኝ ያወጣውን መልሶ አስቀመጠና ከኋላ መደርደሪያ ሌላ አወረደ፤ ሁለቱም ጎኑ በጎማ የተደፈነውን። «ውኃ አጠገብ የሚውል ከሆነ ይሄን ውሰድ» አለኝ። ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዞርኩት፤ ምንም አይሰማም። ኦይልሲሉን ግን ሦስት ሱቅ ዞሬ፣ አሮጌውን እያሳየሁ ነው ያገኘሁት።

ማታ ኩሽኔታዎቹን በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪዘር ከተትኳቸው፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ቀዳዳው ሲሞቅ ይሰፋል። እማዬ ቅቤ ልታወጣ ከፍታ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። «መድኃኒቷ ነው እማዬ።» ቀስ ብላ ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ ቅቤውን አወጣች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጋኑን ቀዳዳ በፈላ ውኃ በተነከረ ጨርቅ አሞቅነው። ጋሼ አሮጌውን ኩሽኔታ በአዲሱ ላይ ደረቡና መዶሻውን ለእኔ ሰጡኝ። «በውጭኛው ቀለበት ብቻ፤ ውስጠኛውን ከመታህ ገና ሳትዞር ገደልካት።» መታሁ። ቀስ፣ ዙሪያውን፣ እኩል። የመዶሻው ድምፅ ቀስ በቀስ ከቀጭን ወደ ወፍራም ተለወጠና «በቃ፤ ተቀመጠ» አሉ። የኦይልሲሉን ከንፈር ግራስ ቀባነው። ፎቶዎቹን እያየሁ ገጠምኩ፤ ሲመሽ አንድም ብሎን አልተረፈኝም።

ስፒናውን ሰካሁ። ያቺኑ የሳፋዋን ጋቢ ከሌላ ልብስ ጋር ከተትኩ፣ ሳሙናውን በማንኪያ ለካሁ። ሞላች፣ አጠበች፣ ደፋች። መጭመቅ ስትጀምር ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ መዳፌን ክዳኗ ላይ አደረግሁ፤ ከሥሩ ስትከንፍ ይሰማኛል፣ ትንሽ ነፋስ ብቻ፣ እንደ እንቅልፍ ትንፋሽ።

ከማድ ቤት የእማዬ ድምፅ መጣ፤

«መብራት ሄደ እንዴ?»